እማዬን ኦሃዮ የምታደርስ ትሬይለር

አርባ ሰባት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜዬ ከአትላንታ ርቄ የሄድኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ለሰርግ፣ ሁለቱንም በአውሮፕላን። ትሬይለር የሚባለውን ተጎታች ቤት ሃይዌይ ላይ ከኋላው ተይዤ ስረግመው እንጂ በሩን ከፍቼ ገብቼ አላውቅም። ያን መኸር ግን ትሬይለርና የሚጎትተውን መኪና ልመርጥ ለሦስት ቀን መንገድ ወጣሁ። ለሽርሽር አልነበረም።

የእናቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ አስካለ፣ ኮሎምበስ ኦሃዮ ትኖራለች። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም። ኩላሊቷ ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊስስ፣ የኩላሊት እጥበት፣ ትሄዳለች፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ልቧም ተጨመረበት። አንድ ቀን ስልክ ደውላ እማዬን፣ «ዘነቡ፣ ሳልሄድ ነይና ልይሽ» አለቻት። እማዬ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። ዳሌዋ ተሰብሮ በብረት ተጠግኗል፤ እግሯ ላይ ደም ረግቶ ስለነበር ሐኪሟ አውሮፕላን ከልክሏታል። በመኪናም ቢሆን ከአንድ ሰዓት በላይ መቀመጥ የለባትም፤ ወርዳ በጀርባዋ መጋደም አለባት። ኮሎምበስ ደግሞ ከእኛ ቤት የዘጠኝ ሰዓት መንገድ ነው። በየሰዓቱ ሞቴል አይያዝ! ስለዚህ አልጋውንና ሽንት ቤቱን ይዘን እንሄዳለን አልኩ።

ዓርብ ጠዋት፣ ሊልበርን

አትላንታ ዳር፣ ሊልበርን ካለው ቤታችን የወጣነው እኔ፣ እማዬና ታናሽ ወንድሜ ደረጀ ነን። ባለቤቴ ከልጆቹ ጋር ቀረ። ደረጀ በራሱ መኪና ሰው እያመላለሰ የሚተዳደር፣ አትላንታን እንደ መዳፉ የሚያውቅ ሰው ነው። ከአራት ወር በፊት የገዛትን ጥቁር ኤስዩቪ ሐሙስ ማታ አጥቦ፣ ጎማዋን ሳይቀር ወልውሎ መጣ።

«ሌላ መኪና መግዛት አያስፈልግም» አለኝ። «ይቺ አምስት ሺህ ፓውንድ ትጎትታለች። መጽሐፏ ላይ ተጽፏል።»

እኔም መጽሐፍ አንብቤያለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ልብስ እያጠፍኩ ስለ ትሬይለር የሚያስተምሩ ቪዲዮዎችን ሳይ፣ የገባኝንም በደብተር ስጽፍ ከርሜያለሁ። አንድ ነገር ግን ቪዲዮ ላይ የሚነግረኝ አላገኘሁም፤ እሱም የሰው መልእክት ነው። ወደ ኮሎምበስ መሄዳችን እንደተሰማ ከቤተ ክርስቲያንም ከሰፈርም ሰው «ለእነ እንትና አድርሱልኝ» እያለ ይመጣ ጀመር። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቅቤ፣ ማር፣ ጸበል፣ የሕፃን አልጋ። አንዷ ጎረቤቴ ሁለት ትልልቅ ከረጢት ጤፍ አምጥታ፣ «ኮሎምበስ ጤፍ የለም እንዴ?» ብላት፣ «አለ፤ ግን ከእኔ እጅ ይሁን» አለችኝ። ትሬይለሩ ሳይገዛ ጋራዣችን ሞላ። እያንዳንዱን እያቀፍኩ የመታጠቢያ ቤቱ ሚዛን ላይ ቆምኩ፤ የራሴን ክብደት እየቀነስኩ ጻፍኩ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ፓውንድ!

ያን ሁሉ ደረጀ መኪና ላይ ስጭን ወንድሜ እጁን ራሱ ላይ አደረገ።

«እትዬ፣ ዛሬ እኮ ኦሃዮ አይደለም የምንሄደው። ትሬይለር ልናይ ነው።»

«ባዶ ትሬይለር ማንም ይጎትታል። እኔ የማየው ከነሸክሙ ነው።»

«መኪናዬ በርበሬ በርበሬ ልትሸት ነው! ደንበኞቼ ምን ይሉኛል?»

«ራባቸው ይላሉ» አለች እማዬ ከኋላ ወንበር፣ ትራሷን እያመቻቸች።

ዓርብ ረፋድ፣ ከሰባ አምስት ቁጥር መንገድ ዳር

አትላንታን የሚዞረው ሁለት ሰማንያ አምስት ቁጥር መንገድ እንደ ወትሮው ተጨናንቆ ስለነበር ወደ ሰባ አምስት ቁጥር እስክንገባ የእማዬ አንድ ሰዓት አለቀ። ማረፊያው ላይ ፓርክ አድርገን የኋላውን ወንበር ዘረጋንላት፤ እሷ ግን ዕቃው መካከል እግሯን የምትዘረጋበት አጣች። ሣር ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈን አጋደምናት። የጭነት መኪና ነጂዎች እያዩ ያልፋሉ። እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ «ሰው መንገድ ላይ ወድቃ ነው ሳይል ቶሎ ግዙልኝ» አለች።

የመጀመሪያው መሸጫ ሜዳው ሙሉ ትሬይለር ነው። ሻጩ ከሁሉ በፊት ባለ ሠላሳ ጫማዋን አሳየን። ደረጀ ገብቶ ሲወጣ ፊቱ በርቷል።

«እትዬ፣ ፋየርፕሌስ አላት!»

«እሳት ጭነን ነው የምንሄደው?» አለች እማዬ።

ሦስት ደረጃ አላት፤ ሦስተኛው ላይ እማዬ ቆመች። አልጋዋ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስለሆነ መተኛት የሚቻለው ከእግር በኩል በጉልበት ዳዴ ብሎ ነው። የሽንት ቤቷ በር ደግሞ ሲከፈት መንገዱን ይዘጋል። ሻጩን፣ «ስትጫን ስንት ትመዝናለች?» አልኩት። ባዶዋን የምትመዝነውን ነገረኝ። «ውሃና ዕቃ ሲገባባትስ?» ስለው፣ ወደ ደረጀ ዞሮ፣ «መኪናህ ምንም አይላትም» አለው። ጥያቄው የኔ ነበር። አመስግኜ ወጣሁ።

ደረጀ እስከሚቀጥለው የሃይዌይ መውጫ፣ ኤግዚት፣ ድረስ አኮረፈ። ከዚያ፣ «እማዬ ትሬይለሩ ውስጥ ተኝታ ብትሄድ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር» አለ። እየተጎተተ ባለ ትሬይለር ውስጥ ሰው መሳፈር በጆርጂያ ሕግ ክልክል መሆኑን፣ ባይከለከልም እናቴን እንደማልጭን ነገርኩት። መኪናው ውስጥ ትቀመጣለች፤ በየሃምሳ ደቂቃው ቆመን ትሬይለሩ ውስጥ ትጋደማለች። ዕቅዱ ይኸው ነው።

ዓርብ ከሰዓት፣ ዳልተን

ከዳልተን ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ፣ ቅጠሉ ቀልቶ በሚያምርበት ሰፈር፣ ሃርላን የሚባሉ ሽማግሌ ትሬይለርና ፒክአፕ እንደሚሸጡ ኢንተርኔት ላይ አይቼ ነበር። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ መንገድ አስጠልቷቸዋል። ትሬይለሯ ሃያ አንድ ጫማ ናት። ቀለሟ ደብዝዟል፤ ደረጃዋ ግን ሁለት ብቻ ነው፣ ዝቅ ያለ፣ መያዣ ያለው። አልጋዋን በሁለቱም በኩል መዞር ይቻላል። እማዬ ብቻዋን ወጣች፣ አልጋው ላይ ተጋደመች፣ ተነሥታ ሽንት ቤቱ ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ከፈተች።

«ይቺ ሰው ያሰባት ናት» አለች።

እኔ ጣሪያውን በጣቴ እየተጫንኩ ዝናብ ያስገባ እንደሆነ አየሁ፤ የጎማውን የተሠራበትን ዓመት አነበብኩ፤ ምድጃውን አቀጣጠልኩ። ደህና ናት። ሽማግሌው አሥራ ሦስት ሺህ ተኩል ብለው በአሥራ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ተስማማን። ግን አልከፈልኩም። በደረጀ መኪና፣ ከነዕቃዋ፣ እስከ ከባድ መኪና ሚዛኑ ወስደን መመለስ እንፈልጋለን አልኳቸው። ከረጢቶቹን ከመኪናው ወደ ትሬይለሯ ስናዞር አይተው ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ምግብ ነው» አልኩ።

«ለስንት ወር?»

ደረጀ፣ «የኛ አይደለም፤ የሰው ነው» ብሎ ሊያስረዳቸው ሞከረ። ሽማግሌው የፖስታ ቤት ሠራተኞች የሆንን ሳይመስላቸው አልቀረም። ቢሆንም አብረውን ተሸከሙ፤ የውሃውን ታንከር ሞሉልን፤ የራሳቸውን የትሬይለር ብሬክ መቆጣጠሪያ ደረጀ መኪና ላይ አገናኙልን። እማዬን በረንዳቸው ላይ ትተን ሦስታችን ወረድን።

ሚዛኑ ሁለት ኤግዚት ራቅ ብሎ የከባድ መኪኖች ነዳጅ ማደያ ውስጥ ነው። ከሃያ ዶላር በታች ከፍለን ወረቀት ተቀበልን። ያን ወረቀት የደረጀ መኪና በር ላይ ከተለጠፈው ቁጥር ጋር አስተያየሁት። በጠቅላላ የምትጎትተው ልክ ነው፤ አምስት ሺህ አልሞላም። ነገር ግን የትሬይለሯ አፍንጫ መኪናዋን ከኋላ ይጫናታል፤ በዚያ ላይ እኛ አለን። የኋላ ጎማዎቿ የተሸከሙት ከተፈቀደላቸው በመቶ ሰማንያ ፓውንድ አልፏል።

«መቶ ሰማንያ እኮ አንድ ሰው ማለት ነው» አለ ደረጀ። «ምን ያመጣል?»

ያመጣውን ቁልቁለቱ ላይ አየን። አንድ ረጅም የጭነት መኪና በጎናችን ሲያልፍ ትሬይለሯ መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ በኃይል ግራና ቀኝ ትወዛወዝ ጀመር። የመኪናዋ አፍንጫ ተነሥቶ መሪው ቀለለ። ደረጀ ሁል ጊዜ በአንድ እጁ የሚነዳ ሰው፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ አንገቱ በላብ ተጠመቀ። ሽማግሌው ከኋላ ሳይጮኹ፣ «እግርህን ከነዳጁ አንሣ፤ የመኪናውን ፍሬን ተወው፤ የትሬይለሩን ብቻ ጨመቅ አድርግ» አሉት። ቀስ በቀስ ተረጋጋች። መንገድ ዳር ቆምን።

ደረጀ፣ «ነፋስ ነው» አለ።

ቅጠል አይንቀሳቀስም ነበር። እኔ ያሰብኩት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እማዬ የኋላው ወንበር ላይ ብትሆንስ ኖሮ? ወደ ኦሃዮ ስንሄድ፣ ኬንታኪ ከመግባታችን በፊት ከዚህ የባሰ ተራራ አለ።

ስንመለስ ወደ ሽማግሌው ፒክአፕ ሄድኩ። ጉልበቷ ለሁለት ይበቃል። በሯን ከፍቼ እማዬን ጠራኋት። ወንበሩ የእማዬ ደረት ጋ ይደርሳል። እግሯን አነሣች፤ አልደረሰም። በሌላኛው ሞከረች። ደረጀ ሊያቅፋት ሲጠጋ በክርኗ ገፋችው።

«እንደ ጆንያ አታንሣኝ! እህቴ በር ላይ እንደ ጆንያ ልታወርደኝ ነው?»

ፊቷን አዙራ ነጠላዋን አስተካከለች። የምትችለው መኪና ትወዛወዛለች፤ የማትወዛወዘው መኪና ላይ አትወጣም። ለትሬይለሯ ቀብድ ከፍዬ፣ ዕቃውን መልሰን ጭነን፣ ዳልተን ሞቴል ያዝን።

ዓርብ ማታ፣ ሞቴሉ

ጾም ስለነበር ከቤት የያዝነውን ምስር ወጥና ዳቦ በላን። ደረጀ ከእኔ ደብተር ገጽ ቀዶ ሲደምር ሲቀንስ ቆየና ቀና አለ።

«አገኘሁት! የውሃውን ታንከር ባዶ እናደርጋለን። ጤፉን እንተዋለን። የሕፃኑን አልጋ እንተዋለን። በልክ ያልፋል፤ መኪናዬ ትበቃለች።»

«የሰው አደራ ትተን?» አለች እማዬ።

«እማዬ፣ ኮሎምበስ ሁሉም ነገር አለ!»

«ይሁን፣ ተዉት እሺ። ስንመለስስ?»

ሁለታችንም አየናት።

«እዚያ ያለው ሰው ባዶ እጃችሁን የሚሸኛችሁ መሰላችሁ? ይኸን ያህል ከላኩላቸው እነሱም የሚልኩት አላቸው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ደግሞስ አስኩ አብሬሽ ልምጣ ብትለኝ? ለእሷ የሚሆን ቦታ አስባችኋል?» አለች።

ደብተሬን ተመለከትኩ። ጸበሉ አለ፤ ድስቱ አለ፤ የውሃው እያንዳንዱ ጋሎን አለ። አክስቴ አስካለ የለችም። ሁለት ወር ሙሉ ስለ እሷ ስደምር እሷን አልደመርኳትም።

ደረጀ ገጹን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። እኔ ሜትር አውጥቼ እማዬን የሞቴሉ ደረጃ ላይ አቆምኳትና እግሯን ያለ ሕመም እስከየት እንደምታነሣ ለካሁ። ዘጠኝ ኢንች። አዲስ ገጽ ላይ ሁለት ነገር ጻፍኩ፦ አራት ሰውና ትሬይለሯን ችላ የምትተርፍ፤ መርገጫዋ ከዘጠኝ ኢንች የማይበልጥ።

ቅዳሜ፣ ሮዝዌል

ወደ አትላንታ ስንመለስ በሦስት ያገለገለ መኪና መሸጫ ቆምን። እኔ የሞተሩን ነገር ትቼ በቀጥታ የሾፌሩን በር እከፍታለሁ፤ ተለጣፊውን አነባለሁ፤ ሜትሬን መሬት ላይ እዘረጋለሁ። አንዱ ሻጭ፣ «እመቤት፣ መጋረጃ ነው የሚሰፉት?» አለኝ። በሩን ዘጋሁና ወደሚቀጥለው ሄድኩ።

ሦስተኛው ሮዝዌል ነው። እዚያ ረጅም፣ ባለ ሦስት ረድፍ ወንበር፣ እንደ ፒክአፕ ጠንካራ የሆነች ኤስዩቪ አገኘን። ቀለሟ የደረቀ ጭቃ ነው። በሯ ሲከፈት መርገጫዋ ከሥር ወጥቶ ይዘረጋል። ለካሁ፤ ስምንት ተኩል። ተለጣፊው የምትሸከመው አንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ ፓውንድ ነው ይላል፤ አራታችንንና የትሬይለሯን አፍንጫ ቀንሼ ይተርፋል።

እማዬ በግራ እጇ መያዣውን ጨበጠች፣ ረገጠች፣ ተቀመጠች። ማንም አልነካትም። ከላይ ሆና ቁልቁል አየችን።

«ይቺ ትሁን» አለች።

«እማዬ፣ ቀለሟ!» አለ ደረጀ።

«የምትጎትተው በቀለሟ ነው?»

ቢሮ ገብተን ወርሃዊው ሲሰላ ከእኔና ከባለቤቴ አቅም አለፈ። ሻጩ አነስ ያለችውን ላሳያችሁ አለ። እኔ፣ «አነስ ያለችውን አልፈልግም፤ ሌላ ቦታ እሄዳለሁ» ብዬ ቦርሳዬን ሳነሣ፣ ደረጀ ከኪሱ የጥቁሯን መኪና ቁልፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ይቺን ተቀብላችሁ ከዋጋው ቁጠሩልን።»

«ደሬ! ሥራህስ?»

«በዚያችም ሰው ይጫናል።»

«ነዳጇ ይፈጅሃል!»

«እትዬ፣ ትላንት ያቺ ቁልቁለት ላይ ያየሁትን አንቺ አላየሽም። መስታወቱ የነበረው እኔ ጋ ነው። ዝም በይ።»

ቦርሳዬን መልሼ አስቀመጥኩ። ወረቀቱ በሁለታችን ስም ሆነ። ከዚያ ከረጢቶቹን ከጥቁሯ ወደ ጭቃማዋ ስናዞር አንዱ የሽሮ ፌስታል ተቀዶ የሻጩ ጫማ ላይ ፈሰሰ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አሸተተና የት እንደሚሸጥ ጠየቀን።

እሑድ፣ ወደ ቤት

ከቅዳሴ በኋላ ዳልተን ተመልሰን የትሬይለሯን ቀሪ ገንዘብ ከፈልን። ሽማግሌው ሃርላን መንጠቆውን እንዴት እንደምንቆልፍ፣ ሰንሰለቱን እንዴት አጣልፈን እንደምናስር፣ ክብደቱን ለፊተኛውም ጎማ የሚያካፍሉትን ዘንጎች እንዴት እንደምናጠብቅ አሳዩን። እኔን ብቻዬን ሦስት ጊዜ አስፈቱኝ፣ ሦስት ጊዜ አሠሩኝ። ሚዛኑ ላይ ወጣን፤ ሁሉም ከልኩ በታች ነው። በዚያችው ቁልቁለት ወረድን፤ የጭነት መኪና በጎናችን አለፈ፤ ትሬይለሯ ትንሽ ተነፈሰች እንጂ አልተወዛወዘችም። ደረጀ ግን እጁን ከመሪው አላነሣም።

ማረፊያው ላይ ስንደርስ እማዬ በመርገጫው ወረደች፣ በሁለቱ ደረጃ ወጣች፣ አልጋው ላይ ተጋደመች። ሃያ ደቂቃ ተኛች። እኔ ምድጃው ላይ ሻይ ጣድኩ። ስትነሣ፣ «ስንት ማረፊያ ነው እስከ አስኩ?» አለችኝ። ቆጥሬ አሥር ነው አልኳት። «አሥር ሻይ» አለች።

ሊልበርን ስንገባ ትሬይለሯን ወደ ግቢያችን በኋላ ማርሽ ለማስገባት አርባ ደቂቃ ፈጀብን። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ፣ ነድቶ የማያውቀው ሁሉ «ግራ! አይ ቀኝ! ቁረጠው!» ይላል። የፖስታ ሳጥናችን አልተረፈም።

ከዚያ ጉዞ የተማርኩት አጭር ነው። መኪና ምን ያህል ይጎትታል ከማለት በፊት ማን ይሳፈርበታል ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚመለሰውንም ሰው ቁጠሩ። በሩ ላይ ያለውን ተለጣፊ አንብቡ፤ ባዶ የሚሸጥላችሁን ነገር ሞልታችሁ ሞክሩት። የሚሳፈረው ሰው ደግሞ በገዛ እግሩ መውጣት አለበት።

በሁለተኛው ሳምንት ሄድን፤ ደረስንም። አክስቴ አስካለ እማዬን ስታይ ከወንበሯ ተነሣች። አብራን እንድትመጣ ብንለምናት ከቤቴ አልወጣም አለች። እኔ ሥራ ስለነበረብኝ በአምስተኛው ቀን በአውሮፕላን ተመለስኩ። እማዬ ቀረች፤ ደረጀም አልተመለሰም። ትሬይለሯን አክስቴ ቤት ጓሮ አቁሞ እዚያ ውስጥ እያደረ፣ በሳምንት ሦስት ቀን አክስቴን ከእማዬ ጋር አሳፍሮ ዲያሊስስ ወሰዳት፤ አራት ሰዓት ጠብቆ መለሳት። ከገና በኋላ አክስቴ አረፈች። ደረጀ አስቀበራት፤ አርባዋን አወጣ፤ ከዚያ እማዬን ይዞ በየሃምሳ ደቂቃው እየቆመ ወደ ቤት መጣ።